«የጌታ ፈቃድ አልሆነም» ወይስ ፈቃዱ ጊዜው አልፎበት ነበር?

ባለፈው ዓመት በአንድ ረቡዕ ምሽት፣ በጸሎት ፕሮግራማችን ላይ፣ ከመካከላችን አንድ ወንድም ተነሥቶ አጭር ነገር ተናገረ። እርሱና ባለቤቱ በፎስተር ኬር፣ በአማርኛችን በአደራ ቤተሰብነት፣ የሚያሳድጓት የአራት ዓመት ልጅ አለች። ልጅቱ ሐበሻ አይደለችም፤ ጠዋት ጠዋት ግን ፍርፍር ካልሰጣችሁኝ ትላለች። ወላጅ እናቷ እንደገና ነፍሰ ጡር እንደነበረች እናውቃለን። የሚወለደው ሕፃን ከእህቱ ጋር እንዲያድግ ጉባኤው ለወራት ጸልዮበታል። ወንድማችን አንገቱን ደፍቶ «የጌታ ፈቃድ አልሆነም፤ ልጁ ወደ ሌላ ቤት ሄደ» አለን። እኛም «አሜን» አልን። አንዲት እናት «እርሱ ያውቃል» አሉ። ከዚያ የሚቀጥለው የጸሎት ርዕስ ተነበበ።

ያንን «አሜን» ዛሬ በአደባባይ መመለስ እንፈልጋለን።

በኋላ እንደተረዳነው የሆነው ይህ ነው። የባልና ሚስቱ የአሳዳጊነት ፈቃድ ጊዜው ካለፈ ዐሥራ አንድ ቀን ሆኖት ነበር። የእድሳት ማሳሰቢያ ደብዳቤው ከሦስት ወር በፊት ደርሷቸዋል። ፍሪጃቸው ላይ በማግኔት ለጥፈውት ነበር፤ ከላዩ የእኛው ቤተ ክርስቲያን የኮንፈረንስ ማስታወቂያ ተለጠፈበት። (ማስታወቂያውን ያሳተምነው እኛ ነን። ባለቀለም፣ የሚያምር ወረቀት ነበር።) የጎደሉት ነገሮች ሁለት ናቸው። የወንድማችን የሐኪም ቅጽ አልተፈረመም፤ ከአዲስ አበባ መጥታ ቤዝመንት ውስጥ ሰባት ወር የተቀመጠችው እህቱም አሻራ አልሰጠችም። ኤጀንሲው አንድ ማታ ደወለ፤ ሕፃኑ ከሆስፒታል ሊወጣ ነው፣ ትቀበላላችሁ ወይ አለ። እነርሱም እያለቀሱ አዎ አሉ። ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን አየችና ዝም አለች። ፈቃዱ ወዳለፈበት ቤት አዲስ ልጅ ማስገባት አትችልም። ሕፃኑ በዚያው ሌሊት በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ወደሚርቅ ቤት ተወሰደ።

ስለዚህ እውነት ነው፤ ፈቃድ ጎድሎ ነበር። የጎደለው ግን የመንግሥት ፈቃድ እንጂ የእግዚአብሔር ፈቃድ አልነበረም። አማርኛችን ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራቱ ለእኛ መደበቂያ ሆነልን። አንድ የሐኪም ፊርማና ዐሥር የጣት አሻራ ያጠፋውን ነገር ወስደን ዙፋኑ ላይ ጣልነው። ስሙን በከንቱ እንዳንጠራ የታዘዝን ሕዝብ ነን፤ ስሙን በከንቱ መጥራት ማለት ደግሞ በስሙ መማል ብቻ አይመስለንም። የራስን ቸልተኝነት «እርሱ ነው ያደረገው» ማለትስ ከዚህ የባሰ ምን አለ?

ጥፋቱን በዚያ ባልና ሚስት ላይ ለመጫን እንዳልጻፍን ግን ይታወቅልን። እነርሱ በሌሊት ተነሥተው የሰው ልጅ ያቀፉ ሰዎች ናቸው። እኛ ስለ እነርሱ «ሸክም አለን» ስንል፣ ለዚያች እህት አሻራ ወደሚሰጥበት ቦታ መኪና ይዞ የሄደ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም። እርሷ መንጃ ፈቃድ የላትም፤ አሻራ ሰጪው የሚሠራው በሥራ ቀን ነው፤ ወንድሟ ሁለት ሥራ ይሠራል። ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር። ጸለይንላት።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እንንገር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።) በአሜሪካ በመስከረም 2023 መጨረሻ በመንግሥት አደራ ሥር የነበሩ ልጆች ወደ 343,000 ነበሩ። ዘመድ ያልሆነ ሰው እንዲህ ያለውን ልጅ ቤቱ ለማስገባት ከግዛቱ ወይም ግዛቱ ከፈቀደለት ኤጀንሲ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ሥልጠና ይወስዳል፣ የጤና ምርመራ ያደርጋል፣ ሶሻል ወርከር ቤቱን አይታ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ትዳሩና ስለ ገቢው ትጠይቀዋለች። በ2006 የወጣው የአዳም ዋልሽ ሕግ የአመልካቹ አሻራ በፌዴራል መዝገብ እንዲጣራ ያዛል። አመልካቹም ሆነ በቤቱ የሚኖር ሌላ አዋቂ ባለፉት አምስት ዓመታት በኖሩባቸው ግዛቶች ሁሉ የሕፃናት ጥቃት መዝገብ እንዲታይም ያስገድዳል። የጭስ ማንቂያ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የተቆለፈ መድኃኒት፣ ለልጁ የራሱ አልጋ፤ ይህ ሁሉ ይታያል።

ይህ አንድ ጊዜ ታይቶ አያበቃም። በቨርጂኒያ ፈቃዱ ለ36 ወር ነው፤ በዋሽንግተን ግዛት ለሦስት ዓመት። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ የሚያሳድሱ ግዛቶችም አሉ። ቀኑ ካለፈ አዲስ ልጅ አይገባም። የፌዴራል መንግሥትም ለልጁ ማሳደጊያ የሚከፍለውን ድርሻ የሚሰጠው በመሠረቱ ሙሉ ፈቃድ ላለው ቤት ስለሆነ፣ የቤቱ ልጅ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

እንግዲህ የእኛ ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ እናውቃለን። የእኛ ቤት እንግዳ አያጣም። ለሁለት ሳምንት የመጣች አክስት ዓመት ትቆያለች፤ ከኮሎራዶ ሥራ ፍለጋ የመጣ የአገር ልጅ ቤዝመንቱን ይከራያል፤ እናት ልጅ ለማረስ ትመጣና የክትባት መድኃኒቷን ፍሪጅ ውስጥ፣ የደም ግፊቷን ክኒን የምግብ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች። ከሰል ተለኩሶ ቡና ይፈላል። ይህ ሁሉ የመልካም ቤት ምልክት ነው፤ እኛ ብንሆን በዚህ እንኮራለን። ለፈቃድ እድሳት ግን እያንዳንዱ አዲስ አዋቂ አዲስ አሻራና አዲስ የመዝገብ ጥያቄ ነው። ከሌላ ግዛት የመጣ ከሆነ ጥያቄው ወደዚያ ግዛት ይላካል፤ መልሱም ቶሎ አይመጣም። አንዳንድ ኤጀንሲ ከውጭ አገር የፖሊስ ማስረጃም ይጠይቃል። የሐበሻ ቤት ለእድሳት በሦስት ወር የሚዘጋጅ ቤት አይደለም። በስድስት ወር መጀመር አለበት። ይህን የሚነግረን ደግሞ ማንም የለም፤ ስለዚህ እርስ በርሳችን መንገር ይኖርብናል።

ይህን ስንናገር ከወዲያ የሚመጣውን ድምፅ እንሰማዋለን። «ልጅ ለማሳደግ ደግሞ ፈቃድ? እኛ አገር እኮ ልጅ የጎረቤት ነው። እኔን ያሳደገችኝ ጎረቤታችን ማን አሻራዋን ወሰደ?»

እውነት ነው፤ ብዙዎቻችን እንዲህ ነው ያደግነው። ማንም ሳያስገድዳቸው ደሃ አደግ ሰብስበው ለወግ ማዕረግ ያበቁ እናቶች ልጆች ነን። ግን ሌላውንም ታሪክ እናውቀዋለን፣ ዝም እንለዋለን እንጂ። «ስጡኝ፣ ላስተምራት» ተብላ ከገጠር የመጣችውን ልጅ እናስታውሳት። ከቤቱ ልጆች እኩል ዕድሜ ሆና ደብተር ያልተገዛላት፣ ማድ ቤት የምትተኛ፣ እንግዳ ሲመጣ «እንደ ልጃችን ናት» የምትባል። ስንቶቻችን ቤት ነበረች? ስንቶቻችን ስሟን እንኳ እናስታውሳለን? እርሷ የምትተኛበትን አልጋ በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ የሚያይ፣ ለብቻዋ ወስዶ «እንዴት ነሽ?» የሚላት ሰው ቢኖር ኖሮ ስንት ነገር በተለወጠ ነበር። የአሳዳጊ ፈቃድ ማለት በእኛ አስተያየት ይህ ነው፤ ያ «እንዴት ነሽ?» የሚለው ጥያቄ በወረቀት ላይ ቀን ተቆርጦለት።

«ክርስቲያን ቤት ግን ሌላ ነው» የሚለንም አለ። አይደለም፣ ወገኖች። በ2011 በዋሽንግተን ግዛት ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ የመጣች ልጅ በአሳዳጊዎቿ ቤት ውጭ በብርድና በረሃብ ሞተች። ስሟን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን፤ ያኔ አልቅሰናል። በ2013 ፍርድ ቤት ሁለቱንም አሳዳጊዎች ጥፋተኛ አላቸው። አጥባቂ ክርስቲያኖች ነበሩ። ያንን ቤት አንድ ጊዜ አጽድቆ የሄደ ሰው ነበረ፤ ጉዲፈቻ ከጸደቀ በኋላ ግን ተመልሶ በር የሚያንኳኳ የለም። ፎስተር ከጉዲፈቻ በዚህ ይለያል። ፈቃዱ ያልቃል፤ ስለሚያልቅም አንድ ሰው ተመልሶ መምጣት አለበት። ኢትዮጵያ በ2018 የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ ስታግድ ከጀርባው የነበረው ጭንቀት ይኸው ነበር፤ ልጆቻችን ከሄዱ በኋላ ማን ያያቸዋል? ስለዚህ እኛ «ቶሎ ይታደስ» ስንል «ሳይታይ ይታደስ» ማለታችን አይደለም። መቼም ቢሆን ለአማኞች የተለየ መዝለያ አንጠይቅም። የሚጠይቅ መጋቢ ካለም እንቃወመዋለን።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን። ቢሮውስ?

ወንድማችንና ባለቤቱ ስልኩ በተደወለ ማግስት ከሥራ ቀርተው የጎደለውን ሁሉ አሟሉ። አሻራው ተሰጠ፤ የሐኪሙ ቅጽ ተፈረመ። ወረቀቱ በቢሮው ውስጥ ሰባት ሳምንት ተቀመጠ። ስሙን የማንጠራው ኤጀንሲ የያዘቻቸውን ሠራተኛ ቀይሯል፤ አዲሷ ፋይሉን አላገኘችም፤ ከተገኘ በኋላ ደግሞ የቤት ጉብኝት ቀን አልነበራትም። ፈቃዱ ታድሶ ሲመጣ ሕፃኑ ወደ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። በአዲሱ ቤት ተላምዷል፤ እንደገና ማንቀሳቀስ ይጎዳዋል ተባለ። ይህም በራሱ ትክክል ነው። ለአንድ ሕፃን ሰባት ሳምንት ዕድሜ ልክ ነው፤ ለቢሮ ግን «በሂደት ላይ ያለ» ማለት ነው።

ለባለሥልጣኖቹ የምንለው አለን። ቤተሰብ አንድ ቀን ቢያሳልፍ በር ይዘጋል፤ ቢሮው ሃምሳ ቀን ቢያሳልፍ ምንም የሚዘጋ የለም። ይህ ፍትሕ አይደለም። በዋሽንግተን፣ በቴክሳስ፣ በጆርጂያ ቦታ የታጣላቸው ልጆች በመሥሪያ ቤት ወለልና በሆቴል ክፍል ማደራቸው በአደባባይ የተዘገበ ነገር ነው። በአንድ በኩል «አሳዳጊ ቤት ጠፋ» እየተባለ በቢልቦርድ እየተለመነ፣ በሌላ በኩል የተዘጋጀ ቤት ፋይሉ ውስጥ ታሽጎ የሚቀመጥበት አገር ነው። በ2008 የወጣው የፌዴራል ሕግ ወንድምና እህትን በአንድ ቤት ለማኖር ተገቢው ጥረት ሁሉ እንዲደረግ ያዛል። ሰባት ሳምንት የተኛ ፋይል የትኛው ጥረት ውስጥ ይቆጠራል?

ታዲያ በቢሮ ላይ ማማረር ለእኛ ቀላል ነው፤ በየቡናው የምናደርገው ነው። በሉቃስ 18 ያለችው መበለት ግን አላማረረችም። እግዚአብሔርን የማይፈራውን ዳኛ እየተመላለሰች ነዘነዘችው፤ የሰለቸው እርሱ ነው። ጌታ ይህን ምሳሌ የተናገረው ስለ ጸሎት እንደሆነ እናውቃለን። የመረጠው ምስል ግን በቢሮ በር ላይ የቆመች ሴት መሆኗ ለምንድን ነው ብለን ጠይቀን እናውቃለን? ወረቀትህን ስታስገባ የተቀበሉበትን ቀን በኢሜይል አስመዝግብ። በሁለት ሳምንት መልስ ከሌለ ጻፍ። ሠራተኛዋ ካልመለሰች አለቃዋን በስም ጠይቅ። እንግሊዝኛህ ካልበረታ በጉባኤው ውስጥ እዚህ የተወለዱ ልጆች ሞልተዋል፤ መዝሙር ስላይድ ከሚያዘጋጁበት ሰዓት ግማሹን ለዚህ ይስጡ። በትሕትና፣ ያለ ስድብ፣ ያለ ማቋረጥ። ጨዋነት ብለን ዝም የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት ነው።

እዚህ ላይ ለአክስቶችና ለአጎቶች የተለየ ቃል አለን፤ በጉባኤያችን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስለሆነ። እናት ታማ ወይም ታስራ ልጆቿን ዘመድ የወሰደበት ቤት በመካከላችን አለ። ብዙዎቹ «ዘመድ ነኝ፣ ምን ፈቃድ ያስፈልገኛል?» ብለው በራሳቸው ወጪ ይንገታገታሉ። ልጁ በመንግሥት አደራ ሥር ከሆነ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 ሚለር በዩዋኪም ላይ በተባለው ክርክር፣ መሥፈርቱን ያሟሉ ዘመዶች ዘመድ በመሆናቸው ብቻ የአሳዳጊነት ክፍያ ሊከለከሉ እንደማይገባ ወስኗል። በ2008ቱ ሕግ መሠረት ልጅ ከቤቱ ሲወጣ ዘመዶች በ30 ቀን ውስጥ እንዲያውቁ መደረግ አለበት። በመስከረም 2023 ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ግዛቶች ለዘመድ አሳዳጊዎች ቀለል ያለ የተለየ መሥፈርት እንዲያወጡ ፈቅዷል፤ ክፍያው ግን ከሌላው አሳዳጊ እንዳያንስ ነው። ሁሉም ግዛት ይህን በአንድ ጊዜ አልተቀበለም። ስለዚህ ጠይቁ። «ለዘመድ የተለየ መሥፈርት አላችሁ ወይ?» የምትል አንዲት ጥያቄ የመኝታ ቤት ቁጥር ያጠረበትን ቤት ልታድን ትችላለች። ገንዘቡን መቀበል የሚያሳፍራችሁም አላችሁ፤ «ለብር ነው ያሳደገችው» እንዳይባል። የልጁ ጫማ ነው፤ የልጁ ወተት ነው። ተቀበሉት።

ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ይህ ጽሑፍ በዋናነት የተጻፈው ለራሳችን ነውና።

ወረቀት ሥጋዊ ነው የሚል ትምህርት በመካከላችን አለ። በመድረክ አይሰበክም፤ በአነጋገራችን ግን ሞልቷል። መንፈሳዊ ሰው «ጌታ በሩን ይከፍታል» ይላል፤ ቅጽ የሚሞላው በእምነት ያነሰው ነው። እንዲህ የምንል ሰዎች ግን የራሳችንን ወረቀት ስናይ ሌላ ሰዎች ነን። የሥራ ፈቃዱ ሊያልፍበት አንድ ወር ሲቀረው «ጌታ ከፈቀደ ይታደሳል» ብሎ የተኛ ሰው በጉባኤያችን አላየንም። የነርስ ላይሰንሷን ቀን አሳልፋ «ፈቃዱ አልሆነም» ያለች እህት የለችም። የታክሲ ፈቃድ፣ ግሪን ካርድ፣ ቲፒኤስ፤ ቀኑን በልባችን እናውቀዋለን፤ በሌሊት ተነሥተን እንሰለፋለን። ለእንጀራችን ሲሆን ወረቀት ሥጋዊ መሆኑ ይቀራል። ለሰው ልጅ ሲሆን ነው መንፈሳዊነታችን የሚነሣው።

ነህምያን ተመልከቱት። ስለ ኢየሩሳሌም ሰምቶ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ለወራት ጸለየ። ንጉሡ ምን ትፈልጋለህ ሲለው ደግሞ በልቡ ጸልዮ በአፉ ደብዳቤ ጠየቀ። በወንዙ ማዶ ላሉ ገዥዎች የሚያሳልፍ ደብዳቤ፣ ለደኑ ጠባቂ ለአሳፍ እንጨት እንዲሰጠው ሌላ ደብዳቤ። መቼ ትመለሳለህ ተብሎ ሲጠየቅም ጊዜውን ቆርጦ ነገረው። የተቀባ ሰው ነበር፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳይዝ ግን አልተነሣም።

ቦዔዝም እንዲሁ። ሩትን ወዷታል፤ ኑኃሚንንም ሊረዳ ፈልጓል። ከእርሱ የሚቀርብ ዘመድ እንዳለ ግን ያውቃል። «ፍቅር ካለ ሕግ ምን ያደርጋል» አላለም፤ ነገሩንም ለሳምንት አላሳደረውም። ወደ ከተማው በር ወጣ፣ ባለመብቱን ጠርቶ አስቀመጠ፣ ዐሥር ሽማግሌዎች አቆመ፣ ጫማ እስኪወልቅ ድረስ ሥርዓቱን ፈጸመ። ኑኃሚን አስቀድማ ለሩት የነገረቻት አንድ ነገር ነበር፤ ይህ ሰው ነገሩን ዛሬውኑ ሳይጨርስ አያርፍም። እኛ ስለ ቦዔዝ ስንት ጊዜ ሰበክን፤ ስለ ቤዛነቱ፣ ስለ መከሩ፣ ስለ ልግስናው። ያ «ዛሬውኑ» ግን በስብከታችን ውስጥ የለም። ዳዊት የመጣበት ቤት የቆመው አንድ ሰው የሕጉን ጉዳይ በዕለቱ ስለ ጨረሰ ነው።

ወደ ጉባኤያችን ገና ያልመጣህ፣ ከውጭ ሆነህ የምታነበን ወዳጃችን፣ ምናልባት «እነዚህ ሰዎች የሚናገሩትንና የሚያደርጉትን አንድ አያደርጉም» ብለህ ራቅ ብለህ ይሆናል። በዚህ ጉዳይ ልክ ነህ። ስለ ወላጅ አልባ ልጆች ያዕቆብ በመልእክቱ የጻፈውን በየዓመቱ እናነባለን፤ ፈቃድ ያለው ቤት ግን በመካከላችን በጣት የሚቆጠር ነው። ከኢትዮጵያ የስደተኛ ካምፖች ያለ ወላጅ ወደዚህ የመጡ ኤርትራውያን ወጣቶች፣ ከ1980 ጀምሮ ባለው የብቸኛ ስደተኛ ልጆች ፕሮግራም፣ በአሳዳጊ ቤቶች ገብተዋል። እንጀራ የሚጋገርባቸው የእኛ ቤቶች ስንቱን ሊቀበሉ ይችሉ ነበር? አልተቀበልንም ብቻ ሳይሆን አብዛኞቻችን ፕሮግራሙ መኖሩን አልሰማንም። ይህን የምንነግርህ ከእኛ ይልቅ ጌታን እንድትመለከት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ ነገር አንጠይቅም። እያንዳንዱ ጉባኤ በውስጡ ያሉትን አሳዳጊዎች ስምና የፈቃዳቸውን ማብቂያ ቀን የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑረው። የልደት ቀን የሚመዘግብ ኮሚቴ አለን እኮ፤ ያ ኮሚቴ አንድ ዓምድ ይጨምር። ከስድስት ወር በፊት ይደውል፤ «ቤታችሁ የገባ አዲስ ሰው አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ሐኪሞችና ነርሶች ሞልተውናል፤ ቅጹ ቶሎ እንዲሞላ ቀጠሮ ያስይዙ። ኤሌክትሪሺያን ወንድሞች የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያውን ይስቀሉ፤ ባትሪውን ይቀይሩ። ሲፒአር ሥልጠና በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በአንድ ቅዳሜ ለሃያ ሰው መስጠት ይቻላል። አሻራ የሚሰጥ ሰው መኪና ካጣ መኪና ያለው ይውሰደው፤ ያ ሰው ያን ቀን ከሥራ ቢቀር እንኳ። ለድምፅ ማጉያ ያወጣነውን ገንዘብ ብናስታውስ ለዚህ በጀት የለንም ማለት ያሳፍረናል። ሽማግሌዎች ደግሞ ኤጀንሲው ሲዘገይ በቤተ ክርስቲያኑ ስም ደብዳቤ ይጻፉ። የአንድ ቤተሰብ ኢሜይል ፋይል ውስጥ ይገባል፤ የሦስት መቶ ሰው ጉባኤ ደብዳቤ ግን አንድ ሰው ያነበዋል።

ጸሎትም ይቅር አንልም። በዚያች ረቡዕ የተነበበው የጸሎት ርዕስ ግን «በሩን እንዲከፍት» የሚል ነበር። «እህታችን ማክሰኞ አሻራ ትስጥ፤ የሚወስዳት ማነው?» ቢባል ኖሮ ከአሜን በፊት እጅ ይነሣ ነበር።

ባልና ሚስቱ ይህን እንድንጽፍ ፈቅደውልናል። ሚስቱ ረቂቁን አንብባ «የፍሪጁን ነገር አታውጡት» አለች፤ ባሏ በኮንፈረንሱ ማስታወቂያ ምክንያት ጉባኤው እንዳያዝን ፈርቶ ነበር። ማዘን አለብን ብለን ተውነው። አዲሱ ፈቃድ አሁን በር ላይ ነው የተሰቀለው፣ ምንም ነገር የማይለጠፍበት ቦታ። የሚያበቃበት ቀን በቀይ ተጽፏል። የወንድማችን እህትም ሁለት የአሻራ ቅጂ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትዞራለች፤ ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ አትመልስም።

ልጅቱና ሕፃኑ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለሁለት ሰዓት ይገናኛሉ። አሁን መቀመጥ ጀምሯል። ባለፈው ቅዳሜ ከቤት በጨርቅ ጠቅልላ ያመጣችውን ቁራጭ እንጀራ አፉ ላይ ልታደርግለት ስትል ሠራተኛዋ ገና አልደረሰም ብላ ከለከለቻት። «መቼ ነው የሚደርሰው?» አለች ልጅቱ። ከዚያ ሰዓቱ አለቀና ሁለቱ መኪኖች በተለያየ መንገድ ሄዱ።